ካቻቢቴ ጆሮ ላይ፦ ማሽንን በራሱ ዳታ ስለ መግራት

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ለምህንድስና ተማሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር በጽሑፍ የተሰናዳ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ያውም በበርጫ ሰዓት፣ ስለ መቆጣጠሪያ ንድፍ ሊሰማ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ወንበር የደረደሩት ልጆችም አልጠበቁም መሰለኝ፤ ከኋላ የቆማችሁ ይቅርታ አድርጉልን። የጣሪያው ማራገቢያ ስለሚንጫጫ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እንዳታጠፉት ግን፤ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ከአጎቴ ልጀምር። አጎቴ በምድር ባቡር የጥገና ወርክሾፕ የቶርኖ ባለሙያ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ስለሆነ፣ ከዚያ ወርክሾፕ እንጀራ ያልበላ ዘመድ የሌለው ድሬ ልጅ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ አገኘው ነበር። ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳና ጫፉን ኩሽኔታው የተቀመጠበት ብረት ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ረዳቱን "ቀስ አድርገው" ይለዋል። ቆይቶ "ጨምር"። ቆይቶ "አሁንም ጨምር"። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በአንድ ፍጥነት ነው፤ ታዲያ ለምን በሁሉም ፍጥነት እንደሚያስኬደው አንድ ቀን ጠየቅሁት።

"ሕመሙ የቱ ላይ እንደሚወጣ በምን አውቄ?" አለኝ።

በኋላ በትምህርት ቤት ለዓመታት የተማርኩት አብዛኛው ነገር የዚህች መልስ ማብራሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የዛሬው ወሬዬም ከእሷ ብዙ አይርቅም።

የምንነጋገረው ጥቂት ስህተት እንኳን ስለማይታገሱ ማሽኖች ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው እንበል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ዳታ የሚጽፍባቸው መስመሮች ስፋታቸው ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የማይክሮን ሺህኛ ነው) ያነሰ ስለሆነ፣ በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ከ700 በላይ መስመር ይሰለፋል። ያችን የምታነብ ጭንቅላት ዲስኩ በብዙ ሺህ ዙር በደቂቃ እየተሽከረከረ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ዘልላ፣ በሰከንድ ሺህኛዎች ውስጥ ቦታዋን ይዛ መቆም አለባት። የኮምፒውተር ቺፕ የሚያትሙት ማሽኖች ደግሞ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ዝርግ በኃይል እያፈጠኑና እያቆሙ፣ አንዱን ንድፍ በሌላው ላይ በጥቂት ናኖሜትር ልዩነት ያነባብራሉ።

ይህን የሚያደርገው ብረቱ ብቻ አይደለም። ሴንሰሩ "እዚህ ነኝ" ይላል፣ የታዘዘው ቦታ "እዚያ ሁን" ይላል፣ በመካከል ያለው መቆጣጠሪያ ልዩነቱን አይቶ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል። በሰከንድ ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ። የእኛ ሥራ የዚያን ወሳኝ ቁጥሮች መምረጥ ነው።

በመጽሐፍ እንደተማርነው ከሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ጉልበት የመጠነ ቁስና የፍጥንጥነት ብዜት ነው ትላላችሁ፣ ምንጩን፣ ሰበቃውን፣ የሞተሩን ጥቅል ትጨምራላችሁ፣ ሞዴል ይወጣል፣ ከሞዴሉ መቆጣጠሪያ ይወጣል። ወረቀት ላይ ያምራል። ከዚያ ማሽኑ ጋ ትሄዳላችሁ። ግራሶው ደርቋል። የጠረጴዛው አንድ እግር ወለሉን በደንብ አልረገጠም። ቡሎኑን ያጠበቀው ሰው ያን ቀን ቸኩሎ ነበር። ከእነዚህ አንዱም በቀመሩ ውስጥ የለም። ሙቀቱን ብቻ እንኳን ብንወስድ፣ ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት በሜትር 12 ማይክሮን ያህል ይለጠጣል። የ300 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጠረጴዛውን የሚገፋው የማሽን ቡሎን ከጠዋት እስከ ቀትር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ 36 ማይክሮን ይረዝማል፤ የግማሽ ፀጉር ስህተት፣ ማንም ምንም ሳይነካው። የድሬን ጠዋትና የድሬን ቀትር ለምታውቁ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ፤ ማሽኑን ራሱን መጠየቅ። ትእዛዝ ትልካላችሁ፣ እንቅስቃሴውን ትመዘግባላችሁ፣ ከመዝገቡ በቀጥታ የመቆጣጠሪያውን ቁጥሮች ታወጣላችሁ። ሰው ይህን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ፈጠራ አድርጎ ሲያወራው እሰማለሁ። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 ትውልደ ሩሲያዊው ኒኮላስ ሚኖርስኪ ስለ መርከብ አነዳድ ሲጽፍ የመሪ ጨባጮችን አሠራር ተመልክቶ ነበር። ጥሩ መሪ ጨባጭ መርከቧ አሁን ምን ያህል እንደሳተች ብቻ አያይም፤ ስህተቱ ስንት እንደተጠራቀመና በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነም ያስባል። ዛሬ ፒአይዲ የምንለው፣ በየፋብሪካው ያለው መቆጣጠሪያ፣ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ስንት ይሁኑ? እ.ኤ.አ. በ1942 ጆን ዚግለርና ናትናኤል ኒኮልስ ሞዴል ሳይጽፉ የሚያገኙበትን ዘዴ አሳተሙ። የማጉያውን ቁጥር፣ የአሁኑን ስህተት የሚያበዛውን፣ ማሽኑ ያለማቋረጥ መወዛወዝ እስኪጀምር ከፍ አድርጉ። የደረሳችሁበትን ቁጥር ያዙ፣ የአንዱን ውዝዋዜ ጊዜም ለኩ። ከቁጥሩ 0.6 እጁን ውሰዱ፤ የማጠራቀሚያውን ጊዜ የውዝዋዜው ግማሽ፣ የመተንበያውን አንድ ስምንተኛ አድርጉ። አለቀ። ይህ በዳታ የሚመራ ንድፍ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ይህን ዘዴ ወጣት ሳለሁ ስሙን በማልጠራው አንድ ፋብሪካ ሞክሬው ነበር። የተጻፈው ሙቀትና ግፊት ለሚቆጣጠሩ፣ በዝግታ ለሚያስቡ ሥርዓቶች መሆኑን ልብ አላልኩም። እኔ ያስወዛወዝኩት የብረት መቅረጫ ማሽን ጠረጴዛ ነው። ቁጥሩን ከፍ አደረግሁ፤ ዝም። ከፍ አደረግሁ፤ ዝም። አንዴ ከፍ ባደርገው ጠረጴዛው እንደ ተቆጣ ወይፈን ከዳር ዳር ተላተመ፣ ሞተሩን ከቡሎኑ ጋር የሚያያይዘው መገናኛም ስብርብሩ ወጣ። ፎርማኑ አልተቆጣኝም። መጥረጊያ አምጥቶ ሰጠኝ።

ሁለት ስዊድናውያን፣ ኦስትሮምና ሄግሉንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ለእንደ እኔ ዓይነቱ መድኃኒት አውጥተው ነበር፤ እኔ ዘግይቼ አነበብኩት። ስህተቱ በግራ ከሆነ በተወሰነ ጉልበት ወደ ቀኝ፣ በቀኝ ከሆነ በዚያው ጉልበት ወደ ግራ መግፋት። ማሽኑ ይወዛወዛል፣ ግን እናንተ በፈቀዳችሁለት ስፋት ብቻ። የሚፈለገው ዳታ ያው ይገኛል፣ መጥረጊያ ግን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ማራገቢያው እንመለስ። ማብሪያው አጠገብ ያለኸው ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ከፍ አድርገው። አያችሁ? ጸጥ አለ። አሁን ወደነበረበት መልሰው። ተንቀጠቀጠ። በበለጠ ፍጥነት ሲዞር ዝም የሚለው ነገር በአነስተኛው የሚንጫጫው፣ ዘንጉና ማንጠልጠያው ሲነኩ መወዛወዝ የሚወዱበት የራሳቸው ድግግሞሽ ስላላቸው ነው። ያኛው ፍጥነት ከዚያ ጋር ገጥሟል። ሁሉም ማሽን እንዲህ ያለ ቦታ አለው፤ አንዱ ብቻም አይደለም። አጎቴ "ጨምር፣ አሁንም ጨምር" እያለ የሚፈልገው ይህንን ነበር።

እኛ በካቻቢቴው ፈንታ ይህን እናደርጋለን። ሞተሩን ከዝግታ ወደ ፍጥነት በሚወጣ ውዝዋዜ እንነዳዋለን፤ ከ1 ኸርዝ (በሰከንድ አንድ ውዝዋዜ) ተነስተን እስከ 400 ኸርዝ፣ በ20 ሰከንድ ውስጥ። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ሁለት ነገር እንመዘግባለን፦ ጠረጴዛው ምን ያህል ተንቀሳቀሰ፣ ከትእዛዙስ ምን ያህል ዘገየ። ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። ከፊዚክስ ቀመር አንድ ፊደል ሳትጽፉ ማሽኑን አወቃችሁት ማለት ነው። ሃሪ ናይኩስት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳየው መንገድ፣ መቆጣጠሪያና ማሽን ሲጣመሩ ይረጋጋሉ ወይስ ይላተማሉ የሚለውን ከተለካው በቀጥታ ማንበብ ይቻላል፤ ሁለቱ መስመሮች ከመቆጣጠሪያው ጋር ተጣምረው በአንድ ስዕል ላይ አንድ መስመር ይሆናሉ። "ነጌቲቭ አንድ" የምትባል አንዲት ነጥብ በስዕሉ ላይ አለች፤ መስመሩ በእሷ ዙሪያ በትክክለኛው ጎን ማለፍ ይኖርበታል፤ እኔ ደግሞ በየትኛውም ድግግሞሽ ከ0.5 በታች እንዳይቀርባት አደርጋለሁ። ያን ርቀት ከጠበቃችሁ መቆጣጠሪያው ረብሻን ከሁለት እጥፍ በላይ የሚያጎላበት ድግግሞሽ አይኖርም። የሚያጎላበት ቦታ ግን አይጠፋም። አየር የተሞላ ስልቻ አንዱን ጎን ስትጫኑት ሌላው ያብጣል፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቦዴ ይህን በሂሳብ አስሮታል፣ በዳታ ብዛት የሚፈታ ነገር አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ተማሪዎች የሚወድቁባት። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የምትለኩ ከሆነ ከ500 ኸርዝ በላይ ያለውን አታዩም። አለማየታችሁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በ900 ኸርዝ ያለ መንቀጥቀጥ 100 ኸርዝ መስሎ ይመጣላችኋል፣ በፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር እንደሚመስለው። ከመለኪያው በፊት ማጣሪያ አስገቡ።

እኔን ሁለት ቀን የፈጀኝ ግን ይህ አልነበረም። ባለ 300 ሚሊ ሜትር አንዲት የሙከራ ጠረጴዛ አለችኝ፤ ቦታዋን በ1 ማይክሮን የሚያነብ ኢንኮደር ተገጥሞላታል። መስመሯን ሳወጣ 50 ኸርዝ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነች ጉብታ አገኘሁ። የቆመችበት እግር ነው ብዬ ላስቲክ ዘረጋሁ፤ አለች። ዳዶዎቹን በሙሉ አጠበቅሁ፤ አለች። በስተመጨረሻ መቆጣጠሪያው በ50 ኸርዝ ላይ ዝም እንዲል ማጣሪያ ሠራሁለት፣ ጉዳዩ ተዘጋ ብዬም ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሥራዬን እንዳልፈታ ብዬ ሙከራውን ደገምኩት፤ ጉብታዋ 48 ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ጄኔሬተር ስለተነሳ ብረት አይለሰልስም። ጉብታዋ የማሽኑ አልነበረችም፣ የመብራቱ ነበረች። የኢንኮደሩ ገመድ ከሞተሩ ገመድ ጋር ታስሮ ስለተዘረጋ የኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ እየገባ "ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ" ይለኝ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ትንሽ ዘገም ይላል። ሁለቱን ገመዶች ለያየሁ፣ መሬት አስያዝኳቸው፣ ጠፋች። ያ የሠራሁት ማጣሪያ በሌለ በሽታ ላይ የተሰጠ መድኃኒት ነበር፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ አይደለም፣ እያንዳንዱ ማጣሪያ መዘግየት ይጨምራል፣ መዘግየት ደግሞ ወደዚያች ነጥብ ያስጠጋል። ዳታ ስለ ማሽኑ ብቻ አይናገርም። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ጎረቤት ኮምፕሬሰር ሁሉ አንድ ላይ ይናገራል። ማን እንደተናገረ መለየት የእኛ ፈንታ ነው፤ ይህን ለኮምፒውተር ጥለን እንሂድ የሚሉትን እኔ አላምናቸውም።

ከዘዴዎቹ ሁሉ የምወደውን ላጫውታችሁ። ካምፒ፣ ሌኪኒና ሳቫሬሲ የተባሉ ሦስት ጣሊያናውያን እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ነው። እንቆቅልሽ ታውቃላችሁ፤ "ምን አውቅልህ" ይባላል፣ ጥያቄው ይመጣል፣ ያቃተው አገር ይሰጣል። እዚህ እንቆቅልሹ ተገልብጧል፤ መልሱ በእጃችን ነው፣ የምንፈልገው ጥያቄውን ነው። እንዲህ ነው። አንድ ቀን ሞተሩን እንዲሁ ነዳነው፤ የላክነው ትእዛዝና የጠረጴዛው እንቅስቃሴ ተመዝግቧል። መቆጣጠሪያ ገና የለም። አሁን አንድ ምኞት እናስቀምጥ፦ መቆጣጠሪያና ማሽን የተጣመሩበት ሥርዓት ሲታዘዝ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቦታው ደርሶ እንዲረጋጋ እንሻለን። ቀጥለን እንጠይቅ፦ "ያ የተመኘነው ሥርዓት ኖሮ ይህን የተመዘገበ እንቅስቃሴ ያሳየ ቢሆን፣ ምን ቢታዘዝ ነበር?" ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። ማንም ያላዘዘው፣ የምናብ ትእዛዝ ይወጣል። ከእሱ ላይ እውነተኛውን እንቅስቃሴ ስንቀንስ መቆጣጠሪያው ያይ የነበረው ስህተት ነው። ያን ስህተት አይቶ ምን ማለት ነበረበት? ያንን እናውቃለን! ሞተሩን የነዳንበት፣ መዝገቡ ላይ ያለው ትእዛዝ ነው። ጥያቄና መልስ ተገጣጠሙ። የሚቀረው ሁለቱን በተሻለ የሚያገናኙትን ቁጥሮች መፈለግ ነው፤ ለዚያም ሌዣንድር እ.ኤ.አ. በ1805 ያሳተመው፣ የስህተቶችን ካሬ ድምር ትንሹ የሚያደርገው የትንሹ ካሬ ዘዴ ይበቃል። አንድ ሙከራ፣ አንድ ስሌት።

መጀመሪያ ስረዳው ከወንበሬ ተነስቼ ነበር። ግን ይሉኝታ ያለበት ዘዴ ነው፤ ከአቅም በላይ ብትመኙም "አይሆንም" አይላችሁም። የቀረበውን ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ይረጋጋል ወይ የሚለውን አያነሳም። ስለዚህ የሰጠኝን ቁጥሮች ይዤ ወደዚያች መስመርና ነጥብ እመለሳለሁ፤ ከ0.5 የቀረበ ካለ ምኞቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ስንት ዳታ ይበቃል? ያን ቪለምስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያረጋገጡት አለ። ትእዛዙ እጥፍ ሲሆን የማሽኑም ምላሽ እጥፍ የሚሆን ከሆነና ጫጫታ ከሌለ፣ በቂ ልዩነት ያለው አንድ መዝገብ የማሽኑን ማናቸውንም እንቅስቃሴ በውስጡ ይዟል። ለአራት ደረጃ ሥርዓት (የአሁን ሁኔታውን ለመግለጽ አራት ቁጥር ለሚበቃው)፣ የ20 እርምጃ እንቅስቃሴን ለመግለጽ ቢያንስ 47 ልኬት ያስፈልጋል። በሰከንድ 1,000 ለሚለካ ማሽን ይህ የሰከንድ ሃያኛ ክፍል እንኳን አይሞላም። እውነተኛ ማሽን ጫጫታም ሰበቃም ስላለው ከዚያ በላይ እንወስዳለን፤ ግን ልብ በሉ፣ የተጠየቀው ብዛት ሳይሆን ልዩነት ነው። ቀጥ ያለ፣ የማይለዋወጥ ትእዛዝ ለአንድ ዓመት ብትልኩ 47ቱን አያክልም።

አንድ ሥራ ደጋግመው ለሚሠሩ ማሽኖች የጃፓኑ አሪሞቶ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው መንገድ ይሻላል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ማሟሻ ናት፤ እሳቱ የቱ ጋ እንደበዛ ታሳያለች፣ ሁለተኛዋ በእሷ ትታረማለች። ማሽኑም የዛሬውን ዙር ስህተት መዝግቦ በቀጣዩ ዙር ቀድሞ ያስተካክለዋል። ሁሌ እዚያው ቦታ የሚመጣውን ስህተት ነው የሚማረው፤ ንፋስ ያመጣውን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተከፈተ። አንዲት ተማሪ "ታዲያ ፊዚክሱን ለምን እንማራለን?" አለች፤ ከኋላ ተሳቀ። የ48ቷን ጉብታ ምሥጢር ያወቅሁት በምን ይመስልሻል አልኳት። ብረት በመብራት እንደማይለወጥ የነገረኝ መዝገቡ አይደለም።

ከዚያ ከኋላ ቆመው የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ የጥገና ባለሙያ እጃቸውን አነሱ። "ኢንጂነር፣ የእኛ ማሽን በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። የሦስት ዓመት መዝገብ አለን፤ በየሰከንዱ። ከእሱ አዲስ መቆጣጠሪያ ይወጣል?"

"ጋሼ፣ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ፍጥነቱ ተቀይሮ ያውቃል?" አልኳቸው።

"ለምን ይቀየራል? ደህና እየሠራ።"

ችግሩን ነገርኳቸው። ማሽኑ በመቆጣጠሪያ ታስሮ፣ ትእዛዙ ሳይለወጥ ሲሠራ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ሁሉ ከረብሻ የመጣ ነው፤ ሞተሩም የሚገፋው ያን ረብሻ ለመመለስ ነው። ከዚያ መዝገብ "ማሽኑ ምን ዓይነት ነው?" ብላችሁ ብታሰሉ የምታገኙት ማሽኑን ሳይሆን የራሳችሁን መቆጣጠሪያ ተገልብጦ፣ ምልክቱም ተቀይሮ ነው። ራሳችሁን በመስታወት አይታችሁ ጎረቤት መጣ እንደማለት።

ትንሽ ዝም አሉ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ፤ ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም።

"እሺ፣ አንተ የምትለውን ለማድረግ ማሽኑ ምን ያህል ይቁም?"

"ሃያ ሰከንድ። ለጥንቃቄ ሦስት ጊዜ፤ አንድ ደቂቃ።"

"አንድ ደቂቃ?" አሉና ወደ ጓደኛቸው ዞረው በሶማሊኛ አንድ ነገር ተባባሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብለው፣ "ማክሰኞ ና። ፈረቃ ሲቀየር። ካቻቢቴውን እኔ እይዛለሁ" አሉኝ።